ማስቲካ የገባበት ጥሩምባ

የእድራችንን ጥሩምባ ቀሙኝ። ጥፋቴ ማስቲካ ማኘክ ነው። የእድር ድስት አልሸጥኩም፣ ሰው አልተሳደብኩም፣ ድንኳን አልቀደድኩም። ድንኳኑን የቀደደው ሰው ዛሬም ኮሚቴ ሆኖ ከፊት ወንበር ይቀመጣል። እኔ ግን አፌ ውስጥ ማስቲካ ነበረ ተብሎ ጥሩምባዬን ተነጠቅሁ።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ አጻጻፌ የማይጥመው ካለ መንገዱ ሰፊ ነው። አንድ ነገር ግን ልናገር፦ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልንተባተብ ያነበብኩት ማስታወቂያ የራሴን መባረር የሚናገረው ነው። የእድሩ ቤት በር ላይ ለጥፈውት ነበር። ያስተማሩኝ ሰዎች ይህ እንደሚመጣ ቢነግሩኝ ኖሮ "ሀ" ላይ አቆም ነበር።

የምኖረው ጎባ ነው። ጎባን የማያውቅ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል። ከሳነቴ አምባ የሚወርደው ጉም ጠዋት ጠዋት መንደሩን ሲሸፍነው የጎረቤትህን ቤት የምታገኘው በጭሱ ሽታ ነው። በዚያ ጉም ውስጥ ሰው መሞቱን ለመናገር ጥሩምባ ያስፈልጋል፤ ነፊው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚያውቀው እግዜር ነው፣ ቀጥሎ ቤተሰቡ፣ ሦስተኛ እኔ። ዳኛው፣ የእድራችን ሰብሳቢ ማለቴ ነው፣ እሱ እንኳ አራተኛ ነው። ጡረታ የወጣ ሹም ስለሆነ አራተኛ መሆን አልለመደም።

ሌላ ማዕረግ የለኝም። ቀን ቀን ወፍጮ ቤት እህል ስሰፍር ዱቄት ለብሼ እውላለሁ፤ ዱቄት የለበሰን ሰው ማንም በስሙ አይጠራውም። ጥሩምባውን ይዤ ስወጣ ግን ባለመኪናው ይቆማል፣ ሻይ ቤቱ ሬዲዮውን ይዘጋል፣ ሴቶቹ "ማን ይሆን?" ብለው ደረታቸውን ይይዛሉ። ለዚያች አፍታ ሰፈሩ በሙሉ የሚያየው የእኔን አፍ ነው። የቀሙኝ ያችን አፍታ ነው እንጂ ቆርቆሮውንማ ምን አደርገዋለሁ።

ችግሩ እንቅልፍ ነው። ሰው ደግሞ ሲሞት የሚሞተው ጎህ ሊቀድ ሲል ነው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እኔን ለማጥቃት ይመስለኛል። ወፍጮ ቤት ስሸከም ውዬ፣ ገና እንቅልፌን ሳልጠግብ በሩን ይደበድቡታል። አንድ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ እየነፋሁ ስሄድ በተከፈተ በር ገባሁና "ቀብር በስድስት ሰዓት ነው፣ እንዳትቀሩ" ብዬ ለላም መርዶ ነግሬ ወጣሁ። ላሚቱ አልቀረችም ይባላል። ይህን ያወራው የላሚቱ ባለቤት ነው፤ እግዜር ይይልኝ።

ማስቲካውን ያመጣው የእህቴ ልጅ ነው። ሲናና ላይ ኮምባይነር፣ የስንዴ ማጨጃውን መኪና፣ ይነዳል። የመኸሩ ስንዴ ሲታጨድ ሊጠይቀኝ መጣና ምሰሶ ተደግፌ አገኘኝ።

"ጋሼ፣ ቆመህ ነው እንዴ የምትተኛው?"

"ተኝቼ ነው የቆምኩት።"

ከኪሱ ጥቁር መጠቅለያ አወጣ። ላዩ ላይ የበራ አምፖል ተሥሎበታል። "አምፖል ነው ስሙ" አለኝ። "ማለት ትክክለኛ ስሙ ሌላ ነው፣ ሰው ግን አምፖል ነው የሚለው። ቡና ያለበት ማስቲካ ነው። ሮቤ መናኸሪያ እንደ ጉድ ይቸበቸባል። ባጃጅ ነጂው ያኝካል፣ ተማሪው ያኝካል፣ የኮምባይነር ሰውማ ያለ አምፖል ማሳ አይገባም።"

"ቡና ካማራቸው አይጠጡም?"

"ጋሼ፣ ኮምባይነር ላይ ሲኒ ይቆማል?"

ይኼ እውነት ነው። ወሰድኩ። መጠቅለያውን ላነብ ሞከርኩ፤ በእኛ ፊደል የተጻፈ አንድም ነገር የለበትም። ያን ሁሉ ተምሬ የማላውቀው ፊደል አፌ ውስጥ ገባ። ጣዕሙ መጀመሪያ አተላ ነው፣ ቀጥሎ ስኳር፣ ቀጥሎ የጫማ ሶል። ግን ትንሽ እንደቆየሁ ጆሮዬ ተከፈተ። የጎረቤቴ ዶሮ ስትተነፍስ የሰማሁ መሰለኝ።

በማስቲካ የነፋሁለት የመጀመሪያው ሰው ጡረተኛ ወታደር ነበር። ነፍሱን ይማረው፣ ክፉ ሰው ነበር። ከጎረቤት ጋር በአጥር፣ ከሚስቱ ጋር በወጥ፣ ከቄሱ ጋር በቅዳሴ ርዝመት የተጣላ ነው። እኔ እንደ ደንቡ የእኛን ሰፈር ዞሬ ድልድዩ ጋ መመለስ ነበረብኝ። እግሬ ግን አልመለስ አለኝ። ድልድዩን ተሻገርኩ። ገበያውን ዞርኩ። ሰው ሲያየኝ ይበልጥ ነፋሁ። ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ወርጄ ለማያውቁት ሰዎች ስለማያውቁት ሰው ተናገርኩ። ሳላስበው "የደግ ሰው ቀብር በስድስት ሰዓት" ብያለሁ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ቤተ ክርስቲያኑ ጥምቀት መሰለ። ሰዉ ሰውን ይጋፋል። አንዷ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ስታነባ ጎኗ የቆመችው ጠየቀቻት።

"ምንሽ ናቸው?"

"እኔ እንጃ እህቴ። አላውቃቸውም። ግን ጥሩምባው አንጀት ይበላል።"

የሟች ሚስት ሕዝቡን አይታ "ለካስ ይህን ያህል ሰው ይወደው ነበር፣ እኔ ነኝ ሳላውቀው የኖርኩት" ብላ እንደገና አለቀሰች። ልጆቹ እጄን ሳሙ። ዳኛው ብቻ ፊቱን አጨፍግጎ መጣ።

"ንፍሮው አለቀ። የበላው ደግሞ የሌላ እድር ሰው ነው።"

"ሰው በዛ ተብሎ የሚከሰስ ነፊ የት አገር አለ?" አልኩት።

ቂሙን ይዞ ሄደ።

ሁለተኛዋ ሟች በጎባ የተከበሩ፣ ማንም "እማማ" ሳይል ስማቸውን የማያነሣ ባልቴት ነበሩ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ ደንብ አለ፦ የመጀመሪያው ጥሩምባ የሚነፋው ከሟች ደጅ ነው። እሱ እስኪሰማ ድረስ ቤት ውስጥ ያሉት ሴቶች ድምፅ አያወጡም። ጥሩምባው ሲጮህ ነው እንባው የሚፈታው። ስለዚህ ደጃቸው ስቆም ቤት ሙሉ ሴት ትንፋሿን ይዛ እኔን ትጠብቃለች። ከፊት የተቀመጠችው የሟች ልጅ ናት፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ሁለት እጇን ለደረቷ አዘጋጅታ።

አፌ ውስጥ አምፖሉ አለ። ልተፋው አሰብኩ። የባልቴቲቱ ደጅ ላይ ማስቲካ መትፋት ነውር መሰለኝ። ጉንጬ ሥር ወሸቅሁት። ደረቴን ሞላሁ። ነፋሁ።

መጀመሪያ ምንም የለም። ዝም። ማስቲካው ከጉንጬ ወጥቶ የጥሩምባው ቀጭን አፍ ውስጥ እንደገባ አወቅሁ። ጎበዝ ነፊ ደግሞ ከጀመረ አያቆምም። ጨመርኩ። ያኔ ጥሩምባው በጨዋ አፍ የማይጠራ ድምፅ አወጣ። በጨዋ ቋንቋ ልበለው ካልኩ፣ ሆዷ የነፋባት አህያ በርሜል ውስጥ ሆና ይቅርታ የምትጠይቅ ይመስላል። ረጅም ነበር። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደ ጥያቄ ወደ ላይ ወጣ።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ከዚያ የሟች ልጅ ሳቀች። ላለመሳቅ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀችው፤ በአፍንጫዋ ወጣ። አጠገቧ ያለችው ያዛት። ሳቁ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተላለፈ፤ ቤት ሙሉ ሴት ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከውጭ የቆመ አንድ የሩቅ ዘመድ በመስኮት የሚንቀጠቀጠውን ትከሻ አይቶ "ወይኔ፣ እንዴት መራራ ለቅሶ ነው!" ብሎ መሬት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። በዚያ ጠዋት ከልቡ ያለቀሰ እሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛ ነፋሁ። ባሰ።

ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት ሙስሊም ጎረቤቴ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ኩታቸውን ደርበው በዱላቸው ወጡ።

"ያ ረቢ! ማል ታቴ?" አሉ። "ምን ሆነ? የሞተው ሰው ነው ወይስ በሬ?"

"ሰው ነው አባቴ።"

"ታዲያ ምነው ድምፁ ከበሬው መጣ?"

ጥሩምባውን ብብቴ ሥር አድርጌ ሰፈሩን በባዶ ጉሮሮ እየጮህኩ ዞርኩ። ጎባ ብርዱ ብርድ ነው፤ ማስቲካው ቱቦው ውስጥ ድንጋይ ሆነ። ሚስቴ በሽቦ ጎረጎረችው፤ አልወጣም። በያጁ ጋ ወስጄ "በእሳት ላሙቀው?" ሲለኝ መጋጠሚያው እንዳይቀልጥ ብዬ ነጥቄው ወጣሁ።

እሑድ ስብሰባ ተጠራ። የእድር ስብሰባ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ለድንኳን ሲጠሩት የማይመጣ ሰው ሰው ለመቅጣት ሲሆን ቀድሞ ወንበር ይይዛል።

"አኝከሃል ወይስ አላኘክህም?" አለ ዳኛው።

"አኝኬያለሁ።"

"ምን?"

"ማስቲካ።"

"ማስቲካው ምን አለበት?"

"ቡና።"

ወደ ሕዝቡ ዞረ። "ቡና ይጠጣል እንጂ ይታኘካል? የሚታኘክ፣ እንቅልፍ የሚያባርር ነገር ምንድነው? ጫት ነው። በለቅሶ ቤት ጫት መቃም ደግሞ በደንባችን ክልክል ነው።"

ሽማግሌው ጎረቤቴ ከኋላ ተነሡ። ከእድሩ መሥራቾች አንዱ ናቸው። "ዳኛ፣ የጫቱን ነገር ለእኔ ተውልኝ። ይኼ ሰውዬ ያኘከው ላስቲክ ነው። ቅጠል የለው፣ ገረባ የለው፣ ምርቃና የለው።"

"ምርቃና የለውም? ባለፈው ይኼን ሰውዬ እስከ ሮቤ መንገድ የነዳው ታዲያ ምንድነው?"

ሰው ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም። "ቡና አይታኘክም ላልከው ደግሞ ስማ። እኛ የባሌ ሰዎች ቡና ቀላ እንበላለን። አያቴ ቡናውን ከነልጣጩ ነክሳ በቅቤ ታበስለውና እንቆረጥመው ነበር። አንተ ሲኒ ሳታውቅ እኛ ቡና እናኝክ ነበር።"

የዳኛው ዓይን በራ። "በቅቤ? እንግዲያው የጾም አይደለማ!"

"ማስቲካው ቅቤ የለበትም!" ብዬ ጮህኩ።

"እሳቸው አለበት አሉ።"

"እኔ ያልኩት የአያቴን ቡና ነው እንጂ!"

"ባልቴቲቱ የሞቱት ረቡዕ አይደል እንዴ?" አለ አንዱ ከጥግ።

"ማክሰኞ ነው!"

"ረቡዕ ነው፣ እኔ ሽሮ በልቻለሁ።"

"አንተ ሁልጊዜ ሽሮ ነው የምትበላው!"

እንዲህ እያሉ ስብሰባው ሽሮ ላይ ገብቶ ቀረ። ሲወጣ እኔ ተባርሬአለሁ። ምርጫ ተካሄደ እንኳ አልልም፤ እጅ ያወጣው ግማሹ ስለ ረቡዕ የተጠየቀ መስሎት ነው። ጥሩምባው ለዳኛው አማች ተሰጠ። ማስታወቂያውም ተለጠፈ።

ቤት ስገባ ሚስቴ "ቀሙህ?" አለችኝ።

"ቀሙኝ።"

"እሰይ። አሁን ጠዋት ጠዋት ውሃ ትቀዳለህ።"

ይህን የመሰለ ማጽናኛ ነው ያገኘሁት። ወፍጮ ቤት እህል የሚያስፈጩት ሴቶች "አምፖሉ መጣ" ይባባላሉ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሲያልፉኝ በከንፈራቸው የጥሩምባውን ድምፅ ያሰማሉ፤ ማስቲካውን ራሳቸው እያኘኩ ነው ደግሞ። ሰው ሲሞት እኔ ከሌላው ሰው ጋር እኩል እሰማለሁ። አንድ ቀን ሦስት ቤት አልፎ ሰው ሞቶ ያወቅሁት ለለቅሶ ቤቱ የዱቄት ጆንያ ሲጠይቁኝ ነው። ያን ቀን እህል በትክክል መስፈር አቃተኝ።

አማቹ ጥሩምባውን ሊነፋ ሞከረ። እምቢ ሲለው ሞኙ በአፉ ሳበው። የጠነዛ ቡና ጉሮሮው ገባና ሲያስል ዋለ። ከዚያ ዳኛው "ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነው" ብሎ ሜጋፎን አስገዛ። ያቺ በባትሪ የምትሠራ፣ ስትከፍታት የምትጮህ።

ሜጋፎን በጎባ የማን እንደሆነ ግን ዳኛው አላሰበበትም። በጎባ ሜጋፎን የአይጥ መድኃኒት ነው። ጠዋት ጠዋት ባጃጅ ላይ አስረውት "የአይጥ፣ የትኋን፣ የቁንጫ፣ የበረሮ" እያለ ያልፋል። ጉም ውስጥ የሚሰማህ ቃሉ ሳይሆን እዬዬው ነው። ሰው ሲሰማው መስኮቱን ይዘጋል። መጀመሪያ ሰሞን ለቅሶው ትንሽ ትንሽ እየሳሳ ሄደ፤ ዳኛው "ሰዉ ከፋ" ይል ነበር። በግንቦት የዳኛው ታላቅ ወንድም ሞተ።

አማቹ ሜጋፎኑን ይዞ ወጣ። በእኛ በር ሲያልፍ እኔና ሚስቴ ቁርስ ላይ ነበርን።

"ምን አለ?" አልኳት።

"የአይጥ ነው። አለን በለው።"

በሩን ከፍቼ "አለን!" ብዬ ጮህኩ። ጉሙ ውስጥ ቆም አለ። "ምን አላችሁ?" አለ። "መድኃኒት!" አልኩ። እሱም እዬዬውን ቀጥሎ ሄደ።

ቀብሩ ላይ ሰው ጠፋ። ዳኛው፣ አማቹ፣ ቄሶቹ፣ ጥቂት ዘመድ። አስከሬን የሚሸከም ትከሻ አልሞላም። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው የነበሩ ባጃጅ ነጂዎችን ለምነው አሸከሟቸው አሉ፤ ማስቲካቸውን እያኘኩ ተሸከሙ። እኔ አልነበርኩም። ለምን? አልተነገረኝማ። የተነገረኝ የአይጥ መድኃኒት ነው።

ዳኛው አበደ። ከቀብር የቀረ አባል በደንቡ ይቀጣል፤ እሱ ሰፈሩን በሙሉ ሊቀጣ በሰኔ ስብሰባ ጠራ። ያን ቀን ያልመጣ ሰው አልነበረም።

"ለምን ቀራችሁ?" አለ። ድምፁ ተሰብሯል፤ ሐዘንተኛ ነው፣ አልዋሽም፣ ትንሽ አሳዘነኝ። ትንሽ ነው ያልኩት።

"አልሰማንም።"

"ሜጋፎን ሰፈር ለሰፈር ዞሯል!"

ሽማግሌው ጎረቤቴ ተነሡ። "ዳኛ፣ አላህ ያጽናህ። እኔ ሰምቻለሁ። ግን ድመት አለኝ።"

"ድመት ምን አገባው?"

"ድመት ያለው ሰው የአይጥ መድኃኒት ለምን ይወጣል?"

አዳራሹ ፈረሰ። "እኔማ ቀድሜ ገዝቼ ነበር!" "እኔ ትኋን የለኝም!" "መድኃኒት አልገዛህም ተብሎ የሚቀጣ እድር የት አለ?" አማቹ ሜጋፎኑን ወንበር ሥር በእግሩ ገፋው።

ጩኸቱ ሲበርድ የባልቴቲቱ ልጅ ተነሣች። ከዚያ ጠዋት ወዲህ በስብሰባ ተናግራ አታውቅም።

"እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ" አለች። "ከእናቴ ቀብር ማን ቀረ?"

"ማንም አልቀረም።"

"በዚያ ቀን የሳቅኩት እኔ ነኝ። የተቀጡት ግን ጥሩምባ ነፊው ናቸው። ይኼን ፍርድ ማን ፈረደው? እናቴ ደግሞ ያን ድምፅ ብትሰማው ከእኔ በላይ ነበር የምትስቀው። በበኩሌ ስሞት በሜጋፎን እንዳትጠሩልኝ። የአይጥ መድኃኒት ሆኜ መቀበር አልፈልግም።"

ተቀመጠች። ዳኛው ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ። ከዚያ ከሥሩ ጥሩምባውን አወጣ። በጨርቅ ጠቅልሎታል።

"በቅድመ ሁኔታ ነው" አለ። "ከመንፋትህ በፊት አፍህን ከፍተህ ታሳያለህ።"

"ለማን?"

"ለእኔ።"

"ለአንተ አፌን የምከፍተው ስድብ ሲኖረኝ ነው።"

"ለእኔ ያሳዩ" አለች የባልቴቲቱ ልጅ። "ቤቴ ለቤትዎ ቅርብ ነው።"

አሰብኩበት። ሽማግሌው ጎረቤቴ በዱላቸው ጎኔን ነካ አደረጉኝ። "ተቀበል ወንድሜ። ላም እንኳ ጥርሷ ታይቶ ነው የምትገዛው።"

"እኔም ቅድመ ሁኔታ አለኝ" አልኩ። "ማስታወቂያው ይነሣ። የማነሣው ደግሞ እኔ ነኝ።"

ይቅር ተባባልን፤ ዳኛው ጣሪያውን እያየ፣ እኔ ጫማውን እያየሁ። በሩ ጋ ሄጄ ወረቀቱን በጥፍሬ ፈቀፈቅሁት። ከመቅደዴ በፊት አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ አሁንም አልተንተባተብኩም። ሚስቴ ጥሩምባውን የፈላ ውሃ ውስጥ ነክራ የማስቲካውን ግማሽ አወጣች። ግማሹ እስካሁን አለ። ድምፁ ትንሽ ወፍሯል፤ ሰዉ ግን በጉም ውስጥም ቢሆን የማን እንደሆነ ያውቀዋል። አምፖል ማኘክ አልተውኩም። ከነፋሁ በኋላ አኝካለሁ፤ ይኼ ደግሞ የማንም ጉዳይ አይደለም።

ጥሩምባው ወደ እጄ የተመለሰው እሑድ፣ ሰኔ ፱ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም. ነው።